«እስከ ዓርብ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ረቡዕ መጣች

የበርጩማዋ ልጅ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤትም ውጤቴ መጥፎ አልነበረም። ያ ሁሉ አንዲት ትንሽ ቃል ላይ መጥቶ ተሰናከለ።

አጎቴ አናጢ ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት አለችው። የጅማውን በርጩማ ይሠራል፤ ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ጉማጅ ዋንዛ የሚጠረበውን። እኔ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ፈረንጅ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ እሆናለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት የውጭ አገር ሴት ሁለት በርጩማ አዘዘች። ለአጭር ጊዜ ለማስተማር የመጣች ናት። ሰኞ ዕለት አጎቴ «እስከ ዓርብ ይደርሳል በያት» አለኝ። እኔም በቴሌግራም ጻፍኩላት፤ «ዘ ስቱልስ አር ሬዲ አንቲል ፍራይደይ።» (እንግሊዝኛውን እዚህ በእኛው ፊደል የጻፍኩት ስልኩ የአጎቴ ስለሆነ ነው። ኪቦርዱን ከአማርኛ እንዴት እንደማወጣው ገና አላገኘሁትም።)

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። እሷ ናት። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አጎቴ አንዱን በርጩማ ገልብጦ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ እግሩን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። የሁለተኛው መቀመጫ ገና አልተጎደጎደም። ቫርኒሽ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ሴትየዋ በርጩማውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ መልእክቴን አሳየችኝ። እሷ የገባት «በርጩማዎችሽ ደርሰዋል፤ የሚቆዩሽ ግን እስከ ዓርብ ብቻ ነው» የሚል ነው። ለሌላ ሰው እንዳንሸጥባት ሰግታ ሥራዋን አቋርጣ ነው የመጣችው።

አጎቴ «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽላት?» ይለኛል። ያልከኝን ነዋ! «እስከ» አልክ፣ «እስከ» አልኩ።

ቡና ጠጥታ ሄደች። ደግነቷ አላህ ይስጣት፣ ዓርብ መጥታ ሁለቱን ከወሰደች በኋላ ለጓደኞቿ አራት ጨምራ አዘዘች። አሁን ታዲያ እያንዳንዱን መልእክት ከመላኬ በፊት እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሌላም አለ። አጎቴ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል። ለፈረንጆቹ ብዬ ካርቶን ላይ «ዊ አር ክሎዝድ ሲንስ 6 አንቲል 8 ኦን ፍራይደይ» ብዬ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ባየሁት ቁጥር የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ምኑ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሬዲ፣ ፍሪ፣ ክሎዝድ፣ ሌት የሚባሉት ቅጽሎች ጊዜ ሲከተላቸው መስተዋድዱን በምን ነው የምመርጠው? አንዱ በቃሌ ይዤ የምሄደው ነገር ይንገረኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ አጋሮ

ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። «እስከ» ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ቃል ነው። «እስከ ዓርብ እዚህ ነኝ» ስትዪ እስከ ዓርብ የሚዘልቅ ነገር ነው። «እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ» ስትዪ ደግሞ ዓርብ ሳያልፍ በሆነ ቀን የሚፈጸም ነገር ነው። እኛ ከግሱ ስለምንለየው አንቸገርም። በኦሮምኛም «ሃንጋ» ብትዪ ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል ይዟል። ለሚዘልቀው አንቲል፣ ለሚፈጸመው ባይ።

ዋናው ችግር የሚመጣው ቅጽል ሲገባ ነው። ግስ ሲሆን ራሱ ያስጠነቅቅሻል። «ፊኒሽ» ብለሽ «አንቲል» ብትጨምሪ ጆሮ ይቧጥጣል፤ መጨረስ አይዘልቅማ። «ሬዲ» ግን ሁኔታ ነው። ሁኔታ ይጀምራል፣ ይቆያል፣ ያበቃል። ስለዚህ ሁለቱንም መስተዋድድ ዝም ብሎ ይቀበላል። «ሬዲ ባይ ፍራይደይ» ሰዋስዉ ትክክል ነው። «ሬዲ አንቲል ፍራይደይ»ም ሰዋስዉ ትክክል ነው። ባይ የሁኔታውን መጀመሪያ ይይዛል፣ አንቲል መጨረሻውን። አንቺ የበርጩማውን መጀመሪያ ልትነግሪያት ፈልገሽ መጨረሻውን ነገርሻት። ሴትየዋ መሮጧ ትክክል ነበር።

ተማሪዎቼን እንዲህ አደርጋቸው ነበር። አረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በልባችሁ በሉት። «እስከ»ን አውጡና «ሳያልፍ» አስገቡ። «በርጩማው ዓርብ ሳያልፍ ዝግጁ ይሆናል።» ሰመረ? እንግዲያው ባይ ነው። ካልሰመረ «እንደሆነ ይቆያል» በሉ። «ሱቁ እስከ ማታ ክፍት እንደሆነ ይቆያል።» ይሄኛው አንቲል ነው።

ከራሳችን ቤት አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የጅማ መንግሥት ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረ፣ በውስጥ ጉዳዩ ግን ራሱን እያስተዳደረ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1932 ቆይቷል። በእንግሊዝኛ «ጅማ ዎዝ ኦቶኖመስ አንቲል 1932» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬ «ባይ 1932» ብሎ ጻፈልኝ። በእሱ አጻጻፍ 1932 ጅማ ራሷን ማስተዳደር ያቆመችበት ዓመት መሆኑ ቀርቶ ራሷን ማስተዳደር ጀምራ የተገኘችበት ሆነ። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሳቅኩ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአንዲት ቃል አፈረሰው እኮ።

አሉታ ሲመጣ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። «ኖት ሬዲ አንቲል ፍራይደይ» ካሉሽ ዓርብ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት አትምጪ ማለት ነው። ተስፋ አለው። «ኖት ሬዲ ባይ ፍራይደይ» ከሆነ ግን ዓርብ ሆኖም አይደርስም፤ መቼ እንደሚደርስም አልተነገረሽም። የበዓል ልብስ ሊያሰፋ የሄደ ሰው ይሄን ልዩነት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

የሌሊት ተረኛ፣ ፈረንጅ አራዳ

መምህር አሪፍ አድርገው ገልጸውታል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ካርቶኑ ነው። እህቴ፣ ሰዓቱን ልብ ብለሽዋል? «6 አንቲል 8» ብለሽ ነው የለጠፍሽው። ፈረንጅ ይሄን ሲያነብ የሚታየው ወይ ማለዳ 12 ሰዓት ነው ወይ ምሽት 12 ሰዓት። በቀትር መጥቶ ዝግ ሲያገኘው «ካርቶኑ ውሸታም ነው» ይላል።

እኔ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ይሄ ስድስት ሰዓት የሚሉት ልዩነት እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነበር። አንድ ኬንያዊ እንግዳ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። «ዩር ባስ ኢዝ ኧርሊ፣ ቢ ሬዲ አት ኢለቨን» አልኩት። ሰውዬው በእሱ ኢለቨን፣ ማለትም በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ወረደ። አውቶቡሱ ወልቂጤን አልፎ ይሆናል እኮ! የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለኝ ነው። «በስዋሂሊ እኛም እንደናንተው ነው የምንቆጥረው። እንግሊዝኛ ሳወራ ግን የእንግሊዝኛውን ሰዓት ነው የምናገረው» አለኝ። ሰዓት ከቋንቋው ጋር አብሮ ይሄዳል ለካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ላይ እንግሊዝኛ ሲመጣ ስድስት ቀንሼ ወይ ደምሬ ነው። በዚያ ላይ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይ «ኢን ዘ አፍተርኑን» ሳልል አልዘጋም።

ሌላው ሌት የምትባለዋ ነገር ናት። እኛ «ዘገየሁ» እንላለን፣ «አረፈድኩ» እንላለን፣ «አመሸሁ» እንላለን። ጊዜው ግሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። «አረፈድኩ» ካልኩሽ ጠዋት መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም። እንግሊዝኛ ግን አንድ ደረቅ ሌት ሰጥቶሽ ቀሪውን በመስተዋድድ ሙዪው ይልሻል። «ሌት ፎር» ካልሽ ያመለጠሽን ወይ ያረፈድሽበትን ነገር ነው የምትጠሪው፤ ሌት ፎር ዘ ባስ፣ ሌት ፎር ወርክ። «ሌት ኢን» ካልሽ የቀኑን ክፍል ነው፤ ሌት ኢን ዘ ኢቭኒንግ ማለት መሽቶ፣ በስተምሽቱ መጨረሻ ማለት ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሲሆን ቁጥሩ ከፊት ይመጣል፤ ተን ሚኒትስ ሌት። «ሌት ባይ ተን ሚኒትስ»ም ይባላል። እዚህ ጋ ደግሞ ባይ የልዩነቱን መጠን ነው የሚነግርሽ። ከመምህር ባይ ጋር እንዳታምታቺው።

እኔ ለአለቃዬ «አይ አም ሌት ኢን ማይ ሺፍት» ብዬ ጽፌ ነበር። ፎር ማለት ነበረብኝ። እሱም እንግሊዝኛው ከእኔ ስለማይሻል ምንም አላለኝም፤ ደሞዜን ብቻ ቆረጠ።

የበርጩማዋ ልጅ፣ ጅማ

ሆዴን አሳመማችሁኝ። ካርቶኑን አሁኑኑ ሄጄ ነው የማነሳው። ለሁለት ወር ተሰቅሎ ነበር እኮ!

መምህር፣ «ሳያልፍ» የሚለው በጣም ሠራልኝ። ለመሞከር ያህል የቤታችንን ነገር ሁሉ ስለውጥ ዋልኩ። «ወጡ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ይደርሳል» ባይ። «ምድጃው እስከ ማታ የጋለ እንደሆነ ይቆያል» አንቲል። አንድ ጓደኛዬ ግን ከዚህ የቀለለ አለ አለችኝ። አማርኛው ላይ «ድረስ» ካለበት አንቲል ነው፣ ከሌለበት ባይ ነው ትላለች። ይሄ ያዋጣል?

ሌላም ልጠይቅ። አጎቴ ለአዲሶቹ አራት በርጩማዎች «በአሥር ቀን ውስጥ ይደርሳሉ» ብሏል። ኢን ልበል? «ውስጥ» ኢን ነው አይደል?

ጀንፈል

«ድረስ» አያዋጣም። ጓደኛሽን እንዳታምኚያት። እናቴ በረመዳን «እስከ መግሪብ ድረስ ሾርባው ይደርሳል» ትላለች። ድረስ ያለው ነገር ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ባይ ነው። ድረስን እንደፈለግን እንጨምረዋለን፣ እንደፈለግን እናወጣዋለን። የመምህሩ «ሳያልፍ» ይሻላል።

አሁን ወደ «ውስጥ» እንምጣ። እኔ ቡና ላይ ነኝ የምሠራው። አንድ ገዢ የታጠበ ቡናችንን ማድረቂያ አልጋው ላይ እያለ ማየት፣ በእጁ ማገላበጥ፣ ፎቶ ማንሳት ፈልጓል። ለዚያ ነው የሚመጣው። መቼ ደርቆ ያልቃል ሲለኝ «በአሥር ቀን ውስጥ» ለማለት «ኢት ዊል ቢ ድራይ ኢን ተን ደይስ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ዘጠነኛው ቀን ላይ ከተማ ገብቶ አደረና በአሥረኛው ቀን ጠዋት መጣ። ያን ሰሞን ፀሐዩ ግሩም ነበር። ቡናው በስምንተኛው ቀን ደርቆ ከአልጋ ተነስቷል። ሰውዬው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባዶ አልጋ ያያል። ሽቦው ላይ የተጣበቀች አንዲት ፍሬ በጥፍሩ ነቅሎ አሸተታት። ያቺን ምስል እስከ ዛሬ አልረሳትም።

«ኢን ተን ደይስ» ከዛሬ ተነስተሽ ስትቆጥሪ አሥረኛው ቀን ላይ ማለት ነው። ለእነሱ ቀጠሮ ነው። በአማርኛ «የዛሬ አሥር ቀን» እንደምንለው ማለት ነው። እኔ ማለት የነበረብኝ «ዊዝኢን ተን ደይስ» ነው፤ አሥሩ ቀን ሳይሞላ፣ ሦስተኛውም ሊሆን ይችላል፣ ስምንተኛውም። «ውስጥ» የምትለዋ ቃል ናት ወደ ኢን የምትጎትተን። «አፍተር ተን ደይስ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ከአሥረኛው ቀን በኋላ መቼም ሊሆን ይችላል። ለደንበኛ አፍተር ብለሽ አትጻፊ። ክፍት በር ነው።

አጎትሽ አናጢ ስለሆነ አንድ ምክር ልጨምር። አናጢ «አሥር ቀን» ካለ ዊዝኢንም ኢንም አትበዪ። ቀኑን ራስሽ ቆጥረሽ «ባይ ሳተርደይ» በያት። ይሄ ሰዋስው አይደለም፣ ልምድ ነው።

ከሁሉም ያሠቃየኝ ግን ዲው የምትባል ቅጽል ናት። አማርኛ ቀጥታ አቻ ያላት አይመስለኝም። «ቀኑ የሚደርስ» ብንላት ይቀርባታል። ክፍያ «ዲው ኦን ፍራይደይ» ከሆነ መክፈያው ቀን ዓርብ ነው። «ዲው ኢን ተን ደይስ» ከሆነ የዛሬ አሥር ቀን ነው። አውቶቡስ ዲው ነው ሲሉሽ ደግሞ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቅበት ሰዓት ነው። ያው ገዢ በሌላ ጊዜ ስለ ረዳቱ ሲጽፍልኝ «ሺ ኢዝ ዲው ኢን ማርች» አለ። እኔ እንደ አውቶቡሱ ወስጄው፣ በማርች ጅማ ትገባለች ብዬ አልጋ ያዝኩላት። ለካ መውለጃዋ ነው።

የሌሊት ተረኛ፣ ፈረንጅ አራዳ

ጀንፈል፣ አልጋውን የት ነው የያዝክላት? እኛ ጋ እንዳይሆን ብቻ!

ጡረተኛው መምህር፣ አጋሮ

ጀንፈል ስለ ኢን የጻፈው ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ሥራው የፈጀውን ጊዜ ስትናገሪ ኢን ሌላ መልክ አላት። «በአሥር ቀን ጨረሰው» ለማለት ኢን ተን ደይስ ትያለሽ፤ እዚያ ላይ ስህተት የለም። ቅጽል ከወደፊት ጋር ሲመጣ ግን እንደ ቀጠሮ ትሰማለች።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሲንስ ገና አልታረመልሽም። ሁላችሁም አለፋችሁት። የእኛ «ከ... ጀምሮ» ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያያል። «ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው» ብዬ ያለፈውን ሰኞ ልል እችላለሁ። «ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው» ብዬ የሚመጣውንም ልል እችላለሁ። ሲንስ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያየው። ካለፈ ነጥብ ተነስቶ አሁን ላይ ይቆማል። ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፤ ፕረዘንት ፐርፌክትን ያስከትላል። «ዘ ሾፕ ሃዝ ቢን ክሎዝድ ሲንስ መንደይ።» እኛ «ከሰኞ ጀምሮ አሞኛል» ስለምንል «አይ አም ሲክ ሲንስ መንደይ» እንላለን። ሠላሳ ዓመት አርሜ አርሜ ያልነቀልኩት አረም ይሄ ነው። «ሃቭ ቢን ሲክ» ነው። የቀኑን ብዛት ስትቆጥሪ ደግሞ ፎር፤ «ሃቭ ቢን ሲክ ፎር ስሪ ደይስ»።

በየሳምንቱ ለሚደጋገም ሰዓት ሲንስ ምንም ቦታ የለውም። ፍሮም በዪ፣ ቱ በዪ። ፍራይደይንም በብዙ ቁጥር ጻፊው። «ኦን ፍራይደይ» ብቻ ከሆነ አንድ ዓርብ፣ የሚመጣው ዓርብ ነው የሚመስለው። «ኦን ፍራይደይስ» ሲሆን ነው አጎትሽ እንደሚለው «ዓርብ ዓርብ» የሚሆነው። እኛ ቃሉን እንደግማለን፣ እነሱ ጭራ ይቀጥሉበታል።

ኦፕን የሚለውንም አንድ ቀን መጻፍሽ ስለማይቀር ላስጠንቅቅሽ። «ዊ አር ኦፕን አት 8» ብትዪ በስምንት ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ሆኖ ይገኛል ነው፤ መቼ እንደተከፈተ አይናገርም። የምትከፍቱበትን ሰዓት መናገር ከፈለግሽ ቅጽሉን ትተሽ ግሱን ያዢ፤ «ዊ ኦፕን አት 8»። ወይ ቅጽሉን ይዘሽ ፍሮም ጨምሪ፤ «ኦፕን ፍሮም 8»። ይሄ የፈረንጅ 8 ነው እንግዲህ፣ ተረኛው እንዳይቆጣኝ።

የመጨረሻው ነገር ቦታ ነው። እኛ ሁሉን ነገር ከስሙ ፊት እንደረድራለን። «ከሰኞ ጀምሮ የሚለቀቅ ክፍል።» እንግሊዝኛ ቅጽሉ ብቻውን ሲሆን ከፊት ያስቀምጠዋል፤ «አን አቬይለብል ሩም»። መስተዋድድ ሲከተለው ግን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ «ኤ ሩም አቬይለብል ፍሮም መንደይ»። አንድ ልጅ ማስታወቂያ ላይ «አቬይለብል ፍሮም መንደይ ሩም» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ሰኞ የሚባል ክፍል ያለ ነው የሚመስለው። የጊዜው ቅደም ተከተልም እንደዚሁ ይገለበጣል። እኛ «ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብለን ከትልቁ ወደ ትንሹ እንወርዳለን። እነሱ ከትንሹ ይነሳሉ፤ «አት ናይን ኦን መንደይ ሞርኒንግ»። ሦስቱ ናይን ሆነ፣ አየሽ?

የበርጩማዋ ልጅ፣ ጅማ

አየሁ መምህር። እድሜና ጤና ይስጥዎት።

አዲስ ካርቶን ጽፌያለሁ። ከላይ «ክሎዝድ ኦን ፍራይደይስ ፍሮም 12 ቱ 2 ኢን ዘ አፍተርኑን» ብዬ፣ ከሥሩ «ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ዝግ ነን» ብዬ። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አነበበው። «ከላይ 12፣ ከታች 6። ሰው የትኛውን ይመን?» አለኝ። እያንዳንዱ የራሱን ያነባል አልኩት። አልተዋጠለትም። ጎረቤታችን ያለው ባለ ሻይ ቤት መጥቶ «ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የምትዘጉት?» ሲለው ደግሞ የባሰ ተናደደ። ቢሆንም አላነሳውም።

መልእክቱንም ላኩ። የጀንፈልን ምክር ሰምቼ አሥር ቀን የሚል ነገር አልነካካሁም። «ዘ ፎር ስቱልስ ዊል ቢ ሬዲ ባይ ሳተርደይ። ዊ አር ኦፕን አንቲል ሲክስ ኢን ዘ ኢቭኒንግ።» ከመላኬ በፊት «ሳያልፍ» ብዬ አየሁት፣ «እንደሆነ ይቆያል» ብዬ አየሁት፣ ሰዓቱን ስድስት ቀንሼ ደመርኩት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አራቱም ደርሰዋል፤ ቫርኒሻቸው ደርቆ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። አንደኛው እግር ላይ ትንሽ ቋጠሮ ነገር አለችው፤ አጎቴ እሷን ወደ ግድግዳው አዙሯታል። ጠዋት ሴትየዋ መለሰችልኝ። «ታንክ ዩ። አይ አም ኖት ፍሪ አንቲል ሰንደይ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባይ አይደለም፣ አንቲል ነው። አሉታ አለው። «እሑድ ትመጣለች» አልኩት ለአጎቴ፣ በሙሉ ልብ።

ስልኩን ተቀብሎኝ አየውና መለሰልኝ። «ታዲያ እሑድ እመጣለሁ አትልም?»